ሃይሉክስ ወይስ ፕራዶ? ከፍ አስደርጌ በሀረጎም በገጠርም ልነዳው ነው

የሆጤ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በሳምንት ስድስት ቀን በመሃላቸው ያለውን የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ እወጣለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ወላጆቼ ጋ ገጠር እሄዳለሁ። ከወረኢሉ መንገድ ተገንጥሎ የሚገባ ነው፤ መጀመሪያው ኮረኮንች፣ ቀጥሎ ዋልካ፣ መጨረሻው ላይ ድንጋዩ የፈጠጠ የወንዝ መሻገሪያ አለ። እስካሁን የምነዳው ኮሮላ ነው። ባለፈው ክረምት ሆዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሞተር ዘይት መያዣው ተቀደደና እዚያው አደርኩ። ከዚያ ወዲህ እናቴን ልጠይቅ ስነሳ ቀድሞ የሚመጣብኝ የእናቴ ፊት ሳይሆን ያ ድንጋይ ነው። በቃኝ።

ኮሮላውን ሸጬ ከፍ ያለ መኪና ልገዛ ነው። ነዳጅ የሚጠቀም የግል መኪና ከውጭ ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለው ምርጫ አገር ውስጥ የቆየ መኪና ነው፤ ስፈልግ ስፈልግ ሁለት አገኘሁ። አንዱ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፣ ቪጎ የሚሉት፣ የ2010 ሞዴል። ሌላው ፕራዶ 120 ነው፣ የ2008። ሁለቱም ባለ 3.0 ናፍጣ፣ ሞተራቸውም አንድ ዓይነት 1ኬዲ ነው፣ ሁለቱም ማንዋል ካምቢዮ። ጎማቸውም እኩል፣ 265/65 አር17 (ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች)።

ሐሳቤ የትኛውንም ልግዛ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደርጌ ትልልቅ ጎማ ላስገባበት ነው። ከፍ ለማስደረግ የሚመቸው የትኛው ነው? ሞክራችሁ ያያችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የጓደኛ ጓደኛ እንዲህ አለ የሚል ምክር ጠግቤያለሁ።


የድሮ_መካኒክ

ልጄ፣ ከጥያቄህ የጎደለ ነገር አለ። ከኋላ ምን ትጭናለህ? እሱን ሳትነግረን የትኛው ይሻላል ማለት አይቻልም። እስክትመልስልኝ ድረስ ስለ ሁለቱ የማውቀውን ልንገርህ፤ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ሁለቱንም ፈትቼ ገጥሜያለሁ።

ከፊት ወንድማማች ናቸው። የሁለቱም የፊት ጎማ እያንዳንዱ ለብቻው ይጫወታል። ላይና ታች ክንድ አላቸው፣ ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ነው የተሰካው። ስለዚህ ከፊት የሚፈቅዱልህ ከፍታ ተቀራራቢ ነው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ ካለፍክ ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ሲቪ ጆይንት ከልክ በላይ ታጥፎ ይሠራል። ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ግራሱ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ መሪ ስታጥፍ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። የላይኛው ክንድ ቴስቲናም (ኳስ ያለው መጋጠሚያው) መጨረሻው ላይ ደርሶ ይመታል። አላይመንት ልታሠራ ስትሄድ ደግሞ ባለሙያው ብሎኑን ጨርሶ አጥብቆም ጎማው አልስተካከል ይለዋል፣ ከዚያ አዲስ ጎማ በአንድ ወገን ሲበላ ታየዋለህ። 10 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ የላይኛውን ክንድ መቀየር፣ የፊቱን ዲፈረንሻል ዝቅ ማድረግ፣ ሌላም ብዙ አለበት። እኛ ጋ ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚሠራ አላየሁም። ያየሁት ከሞላው ላይ ወፍራም ብረት ጣል አድርጎ ገንዘብ የሚቀበል ነው።

ልዩነቱ ከኋላ ነው። ሁለቱም ከኋላ አንድ ወጥ አክሰል አላቸው፣ ግን ሃይሉክሱ በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረበ ቀስት መሰል ብረት ላይ ነው የተቀመጠው፣ ፕራዶው በጥቅልል ሞላ። ባሌስትራ ለጭነት የተፈጠረ ነው። አራት አምስት ኩንታል ስትጭንበት ይረጋል፣ ባዶውን ደግሞ ይደርቃል፣ ኮረኮንች ላይ ይዘላል። ሞላው ተቃራኒው ነው። ባዶውንም ሰው ጭነህም ይለሰልሳል፣ አራት ኩንታል ስታስቀምጥበት ግን ቂጡ ይወርድና አፍንጫው ሰማይ ያያል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ ማንም አይነግርህም። ብዙ ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች። ጭነት መኖር አለመኖሩን የምታውቀው ሻንሲው ከአክሰሉ ምን ያህል እንደራቀ በመለካት ነው። መኪናው ከፍ ሲደረግ ሁልጊዜ ባዶ የሆነ ይመስላታል፣ ስለዚህ ለኋላ ጎማ የምትልከውን የፍሬን ኃይል ትቀንሳለች። ጭነህ ሀረጎን ስትወርድ የፊት ፍሬንህ ብቻውን ይለፋል ማለት ነው። ከፍ የሚያደርግልህ ሰው ይቺን ቫልቭ ሳይነካ ጨረስኩ ካለህ አልጨረሰም።


ሀረጎ_በየቀኑ

ወንድሜ፣ እኔ አንተ ልታደርገው ያሰብከውን አድርጌዋለሁ። ስለዚህ አንብበኝ።

መኪናዬ ያው ቪጎ ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም። 10 ሴንቲ ሜትር አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ከፊት ብረት ጣል አደረጉበት፣ ከኋላ በባሌስትራውና በአክሰሉ መሃል ብሎክ አስገቡ። ጎማውን ወደ 285 ቀየርኩት። ወላሂ ፒያሳ ላይ ሲቆም ሰው ዞሮ ያየዋል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ከዚያ ሀረጎ መጣ። የሀረጎን ኩርባ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ላይ፣ በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መኪናው እየተጠማዘዘ ይወርዳል እንጂ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ቦታ እምብዛም ነው። ድሮ በማርሽ ይዤ እንደልቤ የምዞረውን ኩርባ መኪናው ወደ ገደሉ ማዘንበል ጀመረ። መሪው ላላ፣ ከኩርባ ስወጣ በራሱ ወደ መሃል አይመለስም። ማታ ማታ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኛል፣ ለካ መብራቴ ቀና ብሎ ሰው ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። ሲኖትራክ የሚነዳ ሰው በእኔ መብራት ታውሮ ቢመጣብኝስ?

የጨረሰኝ ግን ፍሬኑ ነው። አንድ ቀን ጎሚስታ ጋ ጎማው ሲወልቅ ልጁ ጠራኝና አሳየኝ። የፍሬን ጎማ ቱቦው እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። መኪናው ከፍ ሲል ቱቦውን ማንም አላራዘመውም። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎማው ወደ ታች ቢንጠለጠል ሊበጠስ ይችል ነበር። የእኔ ልጆች እዚያ መኪና ውስጥ ነበሩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

በሳምንቱ ብሎኩን አስወጣሁ። ዛሬ ከፊት 5 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ ሞላ ከነሾኩ አለው፣ ከኋላ ትንሽ ጎበጥ ያለ አዲስ ባሌስትራ፣ ቱቦውም ተራዝሟል፣ መብራቱም ተስተካክሏል። ጎማውን ወደ 265/70 መለስኩት። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ ኩታበርም ቢስቲማም ደርሶ ተመልሷል፣ ምንም አልነካም።


የልጆች_እናት_ሀይቅ

ወንዶቹ ሁሉ ስለ ሴንቲ ሜትር ሲያወሩ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። የሆጤው ልጅ፣ እናትህ ዕድሜያቸው ስንት ነው?

የምጠይቀው ለዚህ ነው። እኛ ፕራዶ 120 አለን፣ ከሀይቅ ደሴ እመላለስበታለሁ፣ ሰኞ ሰኞ አንዳንዴ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። ባለቤቴ መኪናውን ከፍ ላስደርገው ሲል ነበር። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሳይነካም መውጣት ይከብዳታል፣ በርጩማ ነው የማስቀምጥላት። 10 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮበት በሰው ትከሻ ልትወጣ ነው? አልኩት። ተወው።

ያደረግነው ይኼ ነው። የኋላው ሞላ በዕድሜው ተቀምጦ ነበር፣ አዲስ አስገባን፣ በዚያ ብቻ መኪናው ወደ ተፈጥሮ ቁመቱ ተመልሶ ከፍ አለ። ብዙ ሰው መኪናዬ ዝቅ አለ ብሎ የሚያስነሳው ሞላው ደክሞ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ። ከዚያ ጎማውን የጭቃ ጥርስ ያለው 265/70 አደረግን። በክረምት የቦሩ ሜዳን ጭቃ በደንብ ያልፋል።

ሌላው ስለ ጉም ነው። ደሴ ላይ ነሐሴ ውስጥ ጉሙ ሲወርድ አስፓልቱ ሳሙና ነው። ፕራዶው አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይሠራል፣ እኔ ምንም ሳልነካ። የወንድሜ ሃይሉክስ ግን በአስፓልት ላይ የሚገፋው በኋላ ጎማ ብቻ ነው፣ አራቱን አስገብቶ በደረቅ አስፓልት መዞር ደግሞ አይቻልም፣ ካምቢዮው ይታነቃል። ኋላው ባዶ ሲሆን ዝናብ ላይ ይሸሻል። ሁለት ጊዜ ከእሱ ጋር ሄጄ ዱዓ እያደረኩ ነው የደረስኩት። ልጅ ለምትጭን ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።


ጦሳ_ሥር

ስለ ጎማው ቁጥሩን ልስጥህ፣ ሒሳቡን ማንም ራሱ መሥራት ይችላል።

መጀመሪያ ይህን ያዝ። ሞላና ባሌስትራ የሚያነሳው ሻንሲውንና አካሉን ነው። የኋላ ዲፈረንሻሉ ያለበት አክሰል ጎማው ላይ ስለተቀመጠ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። የአንተ ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻሉን ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ብታስነሳው እንኳን እዚያው ይመታዋል። እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም የጎማው ቁመት የጨመረውን ግማሽ ያህል።

265/65 አር17 ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 265/70 ብታደርገው 803 ይሆናል፣ ዲፈረንሻልህ 13 ሚሊ ሜትር ተነሳ ማለት ነው። 285/70 ቢሆን 831 ነው፣ 27 ሚሊ ሜትር። ትልቁ ጎማ ግን በነፃ አይመጣም። መሪ ስታጥፍ ጭቃ መከላከያውን ያሻል፣ ፍጥነት መለኪያህ 100 ሲል እውነተኛው 107 ነው፣ ማርሽህም ይረዝማል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ ድሮ በሦስተኛ የምትወጣውን በሁለተኛ ትወጣለህ። ፍሬንም የሚያቆመው ከባድ ጎማ ነው።

ሌላው ሆዱ ነው። የሃይሉክሱ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 3,085 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፕራዶው 2,790። ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ነው። የወንዝ ዳር ጉብታ ላይ ስትወጣ ረጅሙ ሆዱ ይንጠለጠላል፣ አጭሩ ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ከፍታ ቢኖራቸውም ፕራዶው ከፍ ያለ ያህል ነው። ሃይሉክስን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብታስነሳው ፕራዶው ሳይነካ ወደሚያልፍበት ትጠጋለህ።


ቦርከና

እኔ ግን ሁለቱንም ትተህ ላንድክሩዘር 70 ፈልግ ባይ ነኝ። ከ1999 ሞዴል (በፈረንጆቹ) ወዲህ ያለው ከፊትም ወጥ አክሰል በሞላ ላይ ነው፣ ሲቪ ጆይንት ታጠፈ የሚባል ጣጣ የለበትም፣ ከፍ ማድረግ እንደሱ የሚቀል የለም። ለገጠር ሰው እሱ ነው መኪና።


የድሮ_መካኒክ

ቦርከና እውነትህን ነው፣ ለማስነሳት ከሁለቱም ይሻላል። ግን ልጁ በየቀኑ ሀረጎን የሚወጣ ሰው ነው። የ70ው 4.2 ናፍጣ ቱርቦ የሌለው ነው፣ ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ በሩብ ገደማ ይወርዳል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። የእነ 1ኬዲ ቱርቦ ይህን ብዙውን ይሸፍናል። ዋጋውም የማይቀመስ ነው። ይለፍ።


የሆጤ_ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ለሁላችሁም። ጋሼ፣ ጥያቄዎን ልመልስልዎ። ስሄድ ባዶ ነኝ፣ ቢበዛ ስኳርና ዘይት ነው። ስመለስ ግን አባቴ ባዶ እጄን አይሰዱኝም። በመኸር ሰሞን ሁለት ሦስት ኩንታል ጤፍ፣ አንዳንዴ ለበዓል በግ። ያ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ነው። ሌላውን ጊዜ ብቻዬን ወይ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ነኝ።

እህቴ የሀይቅ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። እናቴ ሰባዎቹ ውስጥ ናት። በየሦስት ወሩ ለሕክምና ደሴ አመጣታለሁ፣ ወገቧን ያማታል። እስካሁን የማስበው መኪናው ድንጋዩን እንዴት እንደሚያልፍ ነበር፣ እሷ እንዴት እንደምትወጣበት አላሰብኩትም። ይኼን ስጽፍ አፈርኩ።

ሀረጎ በየቀኑ፣ ወንድሜ፣ ስለ ቱቦው የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 10 ሴንቲ ሜትሩን ትቻለሁ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጤፉ ከበደኝ። ለዓመት አራት ቀን ጭነት ብዬ ሌላውን ቀን ሁሉ በሚዘል መኪና ልሂድ? ወይስ ፕራዶው ሦስት ኩንታል ይችላል?


ሀረጎ_በየቀኑ

እኔ ሃይሉክስ ወዳጅ ነኝ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ። ሃይሉክስ የወሰድኩት ሱቅ ስላለኝ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ዕቃ ከኮምቦልቻ አወጣለሁ። ጭነት ባይኖረኝ አልገዛውም ነበር። በባዶው ጊዜ ኋላው እንዲረጋ ሁለት ጆንያ አሸዋ እጭናለሁ፣ ክረምት ላይ በተለይ። እናትህን በወገብ ሕመም በኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠህ በኮረኮንች ልታመጣ ከሆነ ፕራዶውን ውሰድ። በግ ግን ፕራዶ ውስጥ አስገብተህ ሽታውን ለሁለት ሳምንት ታጥበዋለህ፣ አስብበት።


የድሮ_መካኒክ

አብሽር ልጄ። ሦስት ኩንታል ማለት 300 ኪሎ ነው፣ ከአራት ሰው አይበልጥም። ፕራዶው ጤነኛ ሞላ ካለው ይሸከመዋል። ከኋላ ወንበር ጀርባ ሳይሆን ወንበሩን አጥፈህ ወደ መሃል አስጠጋው፣ ክብደቱ ከአክሰሉ ኋላ እንዳይንጠለጠል። በገመድ እሰረው፣ ፍሬን ስትይዝ ጤፉ ማጅራትህን እንዳይመታህ። የኋላውን ሞላ ከዋናው ትንሽ ጠንከር ያለ ምረጥ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ቢያነሳው ይበቃል። ከፊትም ያንኑ ያህል፣ እኩል እንዲሆን። ጎማውን 265/70። ከዚያ በላይ አትሂድ። ለእናትህ በር ሥር መርገጫ አስበይድ፣ ከሻንሲው ጋር እንጂ ከላሜራው ጋር አይሁን፣ ላሜራ ላይ የተበየደ በዓመቱ ይወልቃል።

ለውጡን ከመጀመርህ በፊት ለቦሎ ምርመራ እንዳያስቸግርህ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ፤ ከገንዘብህ በኋላ እንዳይሆን።

ፕራዶውን ግን ሳላየው ግዛ አልልህም። የ2008 ሞዴል ብዙ ጊዜ ያለፈበት ነው። ሻንሲውን ከኋላ ጎማ በላይ ባለው ኩርባ ላይ በመዶሻ ጀርባ ቀስ ብለህ ምታው፣ ድምፁ ጠንካራ ብረት ይሁን፣ የታፈነ ድምፅ ካለው ውስጡ ዝጓል። አራት ጎማውን የሚቆልፈውን ቁልፍ ተጫንና መብራቱ መብራቱን እይ፣ ብዙ ሰው ስለማይጠቀምበት ደርቆ ይቀራል። ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ አስነሳው፣ ሻጩ አሙቆ እንዳይጠብቅህ። 1ኬዲ ላይ ኢንጀክተሩ የደከመ ከሆነ በብርድ ሲነሳ ይንኳኳል፣ ነጭ ጭስም ይሰጥሃል፣ እሱ ደግሞ ከከፍታው ሥራ ሁሉ በላይ ገንዘብ ይበላል።


የሆጤ_ልጅ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሻጩን ደውዬለት ነበር፣ ቅዳሜ ላሳይህ ብሏል። ከደሴ ይዤው ልውረድና ጋራዥዎ አይተው ይፈርዱልኛል?


የድሮ_መካኒክ

ና። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ጉድጓዱ ባዶ ነው። ሀረጎን ስትወርድ አንተ ንዳው፣ በሦስተኛ ማርሽ ይዘህ ፍሬን ሳታበዛ፣ ታች ስትደርስ ከአራቱ ጎማ የትኛው ቸርኬ እንደሚያቃጥል እጅህን አስጠግተህ ሞክር፣ አንዱ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። ሻጩን ደግሞ ንገረው፣ መኪናውን አያጥበው። ከሥር የታጠበ መኪና የዘይት ፍሳሹ አይታይም።